ማንም ያላነጋገራቸው ልጆች

ተኩላ አሳደጋቸው ስለሚባሉ ልጆች ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው። ከሁሉም የገነነው የካማላና የአማላ ታሪክ ነው። በ1920 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሕንድ ውስጥ ሚድናፖር በተባለ ቦታ የሕፃናት ማሳደጊያ ይመሩ የነበሩ ሲንግ የሚባሉ ቄስ፣ ሁለት ልጃገረዶችን ከተኩላ ጉድጓድ አውጥቼ አመጣሁ አሉ። ልጆቹ በእጅና በእግራቸው ይሄዳሉ፣ ጥሬ ሥጋ ይበላሉ፣ ሌሊት ሌሊት ያላዝናሉ ተባለ። ታሪኩ በሥነ ልቦና መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ሳይቀር ቦታ አግኝቶ ለአሥርት ዓመታት ሲጠቀስ ኖረ። ቆየት ብለው ሰነዶቹን የመረመሩ ሰዎች ግን ነገሩ ሁሉ በቄሱ ቃል ላይ ብቻ የቆመ መሆኑን፣ ያም ቃል እርስ በርሱ የሚጋጭ መሆኑን አሳይተዋል። ዛሬ በቁም ነገር የሚቀበለው ተመራማሪ እምብዛም አይገኝም።

ይህን ማንሳቴ ተኩላው ዋናውን ጥያቄ ስለሚጋርድብን ነው። ስለ ቋንቋ እስካነሳን ድረስ ልጁ ጫካ ውስጥ ኖረ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተዘጋበት ወይስ በሚወዱት ቤተሰቦቹ መካከል አደገ የሚለው ሁለተኛ ነገር ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ በሚገባው መንገድ ያነጋገረው ሰው ነበር ወይ የሚለው ነው። ጥያቄው እንዲህ ሲቀርብ በጣም የሚያሳስበው መልስ ከጫካ አይመጣም። የሚመጣው በልቶ፣ ለብሶና ታቅፎ ካደገ፣ ነገር ግን ቋንቋ ካልደረሰው ልጅ ነው። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ከጫካ የወጣውን አንድ እውነተኛ ልጅ ማወቅ ያስፈልጋል።

በጥር 1800 በደቡብ ፈረንሳይ ሴን ሰርናን በምትባል መንደር አጠገብ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ ተያዘ። ከዚያ በፊት በአካባቢው ጫካ ብቻውን ሲዘዋወርና ሥራሥርና ፍሬ ሲለቅም ሰዎች አይተውት ነበር። ሰውነቱ ጠባሳ ብቻ ነው። አይናገርም። በዚያው ዓመት ወደ ፓሪስ ተወስዶ መስማት የተሳናቸው ልጆች በሚማሩበት ተቋም ገባ። በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው ሐኪም ፊሊፕ ፒኔል መረመረውና ልጁ ሲፈጠርም የአእምሮ እክል ያለበት ነው፣ ተስፋ የለውም ብሎ ደመደመ። ዣን ኢታር የተባለ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ሐኪም ግን አልተስማማም። ልጁ እንዲህ የሆነው ከሰው ተለይቶ ስለኖረ ነው፣ ስለዚህ ሊማር ይችላል ብሎ አመነና አምስት ዓመት ያህል ደከመበት።

ኢታር የጻፋቸው ዘገባዎች እስከ ዛሬ የሚነበቡት አስተውሎ የሚያይ ሰው ስለነበረ ነው። መጀመሪያ የልጁን ጆሮ መረመረ። ከአጠገቡ ሽጉጥ ሲተኮስ ልጁ አይደነግጥም። ከጀርባው ሆኖ አንድ ሰው ለውዝ መሳይ ፍሬ ሲሰብር ግን ወዲያው ዞር ይላል። ጆሮው ደህና ነው ማለት ነው። ከሚሰማቸው ድምፆች መካከል የትኛው እንደሚጠቅመው የወሰነለት ኑሮው ነው፤ ጫካ ውስጥ የፍሬ ቅርፊት ድምፅ ምግብ ነው፣ የሰው ንግግር ግን ምንም አይደለም። እኛ ንግግር ስንሰማ ሳናስበው ጆሯችን የሚያዘነብለው ገና ከጨቅላነታችን ጀምሮ የሰው ድምፅ ምግብ፣ ሙቀትና ሰው ይዞ እየመጣ ስላስለመደን ነው።

ልጁ «ኦ» የሚለውን ድምፅ ሲሰማ ዞር ይል ስለነበር ኢታር ይህ ድምፅ ያለበትን ስም መርጦ ቪክቶር አለው። ከዚያ ወተት የሚለውን የፈረንሳይኛ ቃል ሊያስተምረው ሞከረ። ቃሉ አጭርና ቀላል ነው፣ ቪክቶርም ወተት ይወዳል። ኢታር ወተቱን ይዞ ልጁ ቃሉን እስኪያወጣ ይጠብቃል፤ ልጁ ዝም። ተስፋ ቆርጦ ወተቱን ሲቀዳለት ቪክቶር በደስታ ቃሉን ይናገራል። ኢታር በዚህ አዘነ፤ ያዘነበትም ምክንያት ትክክል ነው። ወተቱ ከመጣ በኋላ የሚወጣ ድምፅ የደስታ ድምፅ ነው። ቃል ቃል የሚሆነው እዚያ የሌለውን ነገር ሲያመጣ፣ ሌላ ሰው ልብ ውስጥ ሲገባ ነው።

በኋላ በፊደል ቅርጾች የተሻለ ነገር ታየ። ቪክቶር ወተት የሚለውን ቃል የሚሠሩትን አራት ፊደላት መደርደር ለመደ። አንድ ቀን ወተት ወደሚሰጡት ቤት ሲሄድ ማንም ሳይነግረው ፊደላቱን ይዞ ሄደና ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። ይህ ልመና ነው፤ ስለዚህም ቋንቋ ነው። ነገር ግን እዚያው አካባቢ ቆመ። መጽሐፍ አምጣ ሲባል ቃሉን የተማረበትን ያንን አንድ መጽሐፍ ብቻ ይፈልጋል፤ ሌላ መጽሐፍ አጠገቡ ተቀምጦ እያለ እንኳ አያነሳውም። ቃሉን ለመጻሕፍት ሁሉ ለማዋል ረጅም ሥልጠና አስፈለገው። ንግግርን በተመለከተ ጥቂት ድምፆችን ከማውጣት አላለፈም።

ይህ ሁሉ ሲነገር ቪክቶር ልብ አልነበረውም ብሎ የሚያስብ እንዳይኖር አንድ ነገር ልጨምር። ይንከባከቡት የነበሩት ማዳም ጌራን የተባሉ ሴት ነበሩ፤ ገበታ ማዘጋጀትም የቪክቶር ሥራ ነበር። የማዳም ጌራን ባል ሞቱ። በዚያው ቀን ቪክቶር እንደ ልማዱ የሟቹንም ሳህን በቦታቸው አኖረ። ማዳም ጌራን ያንን አይተው አለቀሱ። ልጁ አያቸው፣ ሳህኑን አነሳና ወደ ቦታው መለሰው፤ ከዚያ ቀን በኋላም ዳግመኛ አላኖረውም። አንዲት ቃል አልተናገረም፤ ነገሩ ግን ገብቶታል። ቋንቋ የሌለው ሰው ማሰብና ማዘን አይችልም የሚለውን አነጋገር የምቃወመው በዚህ ምክንያት ነው። የጎደለው ሐሳቡን ከሌሎች ጋር የሚያገናኝበት መንገድ ነው። ቪክቶር በ1828 እስኪሞት ድረስ ከማዳም ጌራን ጋር ኖረ።

ታዲያ ከቪክቶር ታሪክ ምን ማለት እንችላለን? ብቻውን ከወሰድነው ብዙ አይደለም። ልጁ ወላጆቹ የጣሉት ቀድሞውንም እክል ስለነበረበት ሊሆን ይችላል፤ ባሕርዩን ከኦቲዝም ጋር ያመሳሰሉት ባለሙያዎችም አሉ። ይህ ችግር በእንዲህ ዓይነት ታሪኮች ሁሉ ላይ አለ። ልጁ ረሃብ፣ ፍርሃት፣ ድብደባና ብቸኝነት አንድ ላይ ደርሰውበታል፤ የትኛው ምን እንዳደረገ ለመለየት አስቸጋሪ ነው። ሆን ብሎ ልጅን ከሰው ለይቶ አሳድጎ መፈተን ደግሞ ማንም ሊፈቅደው የማይገባ ግፍ ነው። ስለዚህ ያለን አማራጭ የተለያዩ ታሪኮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚለያዩበትን መመልከት ነው።

በ1938 አሜሪካ ውስጥ ሁለት ልጃገረዶች ተገኙ፤ ሁለቱም ዕድሜያቸው ስድስት ዓመት ገደማ ነበር። ኪንግስሊ ዴቪስ የተባለው የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ አና እና ኢዛቤል በሚሉ ስሞች ጽፎላቸዋል። ሁለቱም ከጋብቻ ውጪ ስለተወለዱ ቤተሰብ ያፈረባቸውና የደበቃቸው ልጆች ናቸው። አና በፔንሲልቬንያ ከላይኛው ፎቅ አንድ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ነበረች፤ ከመመገብ በስተቀር የሚነካትም የሚያወራትም የለም ማለት ይቻላል። ከተገኘች በኋላ መራመድ፣ ንጽሕናዋን መጠበቅና ጥቂት ቃላትን መናገር ተማረች፤ በ1942 በአሥር ዓመቷ ሞተች።

ኢዛቤል በኦሃዮ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተዘግቶባት ነበር፤ ሆኖም ብቻዋን አልነበረችም። እናቷ አብራት ተዘግቶባታል። እናትየዋ መስማትም መናገርም የማትችል ሴት ነች፤ እናትና ልጅ በእጅ ምልክት ይግባቡ ነበር። ኢዛቤል ስትገኝ ከጉሮሮዋ የሚወጣው የሻከረ ድምፅ ብቻ ስለነበር መጀመሪያ ላይ ባለሙያዎች ሳይቀሩ አትማርም አሉ። በጥንቃቄ የተዘጋጀ ትምህርት ተጀመረላት። ከሳምንት በኋላ ቃል ለማውጣት መሞከር ጀመረች። ሁለት ወር ሳይሞላ ዓረፍተ ነገር መሥራት ቻለች። አንድ ዓመት ተኩል ሳይሞላ ከ1500 እስከ 2000 የሚደርሱ ቃላት ነበሯት፤ «ለምን» ብላ ትጠይቃለች። ስምንት ዓመት ተኩል ሲሆናት ከእኩዮቿ ጋር ተስተካክላ ነበር።

ሁለቱን ልጆች የለያቸው ነገር ምንድን ነው? አና ከልደቷ ጀምሮ የአእምሮ እክል ኖሮባት ሊሆን ይችላል፤ ለኢዛቤልም ጥሩ አስተማሪ ገጥሟታል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚገባው እናትየዋ አጠገቧ መኖሯ ነው እላለሁ። በዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ዓይኖቿን የምታይ፣ እጇን አንቀሳቅሳ አንድ ነገር የምትላት፣ እሷም በእጇ ስትመልስ የምትረዳት ሰው ነበረች። ቃል አልነበረም፤ መመላለስ ግን ነበር። ኢዛቤል ንግግር ስትማር የጀመረችው ከባዶ አልነበረም ማለት ነው።

ከዚያ ሠላሳ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1970፣ በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ ዓለም ጂኒ በሚል ስም የሚያውቃት ልጅ ተገኘች። ማንነቷን ለመጠበቅ የተሰጣት ስም ነው። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላት ጀምሮ አንድ ክፍል ውስጥ ታስራ ኖራለች፤ ድምፅ ባሰማች ቁጥር አባቷ ይደበድባት ስለነበር ዝም ማለትን ተምራለች። የደረሰባትን በዝርዝር መተረክ አልፈልግም፤ የተተረከው ይበቃል።

ሱዛን ከርቲስ የተባለች የሥነ ልሳን ተመራማሪ ጂኒን ለዓመታት አጠናች፤ ጥናቷም በ1977 ታተመ። ጂኒ ቃላትን የምትማረው በረሃብ ነበር ማለት ይቻላል። ያየችውን ነገር ሁሉ ስሙን እንዲነግሯት የሰዎችን እጅ ይዛ ትጎትት ነበር። የቀለምና የቅርጽ ልዩነት ትለያለች፤ የማስተዋል ፈተናዎችን በጥሩ ሁኔታ ታልፋለች። ቃላቱን አያይዞ ዓረፍተ ነገር ማድረጉ ግን አልሆነላትም። ሁለት ሦስት ቃል ጎን ለጎን ታስቀምጣለች፤ «እኔ» እና «አንተ» ይምታቱባታል፤ ጥያቄን በወጉ መጠየቅ በብዙ ልምምድም አልመጣላትም።

ይህ ልዩነት የነገሩ እምብርት ስለሆነ በራሳችን ቋንቋ እንየው። «ልጁን ውሻ ነከሰው» እና «ልጁ ውሻ ነከሰ»። ልጅ፣ ውሻ፣ መንከስ፤ በሁለቱም ውስጥ ያሉት ቃላት አንድ ናቸው። ማን ነከሰ፣ ማን ተነከሰ የሚለውን የሚወስኑት አንዲት «ን» እና በግሱ መጨረሻ ላይ ያለች «ው» ናቸው። አማርኛ አፉን የፈታ የሦስት ዓመት ሕፃን «በላች»፣ «በላ»፣ «በላሁ»፣ «አልበላም» ሲል አንዱን ከሌላው እምብዛም አያምታታም። ይህን ሕግ ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማረውም፤ የሚያስተምሩት ወላጆቹም ሕጉን ዘርዝሩ ቢባሉ ግራ ይገባቸዋል። ቃል የምንሰበስበው ዕድሜያችንን ሙሉ ነው፤ በሰማንያ ዓመትም አዲስ ቃል ይለመዳል። ይህ ቃላትን የሚያያይዘው ሥርዓት፣ ማለትም ሰዋስው፣ ግን የሚተከልበት የራሱ ወቅት አለው። ጂኒ ቃላቱን አገኘቻቸው፤ ሰዋስዉ የሚተከልበት ወቅት ግን አብዛኛው አልፎ ነበር።

የአንጎል ምርመራዋም ሌላ ነገር አሳየ። በቀኝ እጃቸው የሚሠሩ አብዛኞቹ ሰዎች ቋንቋን የሚያስኬዱት በግራው የአንጎል ክፍል ነው። ጂኒም ቀኝ እጇን ተጠቃሚ ነበረች። ነገር ግን በሁለቱ ጆሮዎቿ የተለያዩ ቃላት በአንድ ጊዜ ሲሰሙላት ቋንቋን የሚቀበለው የቀኙ የአንጎል ክፍል እንደሆነ ታየ። ይህን ያብራሩት ሰዎች ግራው ክፍል በወቅቱ ቋንቋ ስላልመጣለት ሥራውን ሳይጀምር ቀረ፣ ቀኙ ደግሞ ዘግይቶ የደረሰውን እንደ አቅሙ ያዘ ይላሉ።

የጂኒ መጨረሻ የሚያሳዝን ነው። የምርምሩ ገንዘብ በ1970ዎቹ አጋማሽ ተቋረጠ። ከአንዱ አሳዳጊ ቤት ወደ ሌላው ስትዘዋወር በደል ደረሰባት፤ ያገኘችውን ንግግርም ብዙውን ተወችው። ተመራማሪዎቹ እርስ በርሳቸው ተወቃቀሱ። በዚያ ሁሉ ጥናት መካከል ልጅቷ በመጀመሪያ ቋሚ ቤት የሚያስፈልጋት ልጅ መሆኗ ተዘንግቷል ብዬ አምናለሁ።

አንጎል ለምን እንዲህ ይሆናል? ኤሪክ ሌንበርግ የተባለ የቋንቋ ተመራማሪ በ1967 ቋንቋ በተፈጥሮ የሚያዝበት ወሳኝ ወቅት አለ፣ ይህም ከሁለት ዓመት ገደማ እስከ ጉርምስና ይዘልቃል የሚል ሐሳብ አቀረበ። በዚያው ዘመን ዴቪድ ሁበልና ቶርስተን ቪዝል በድመት ግልገሎች ላይ ባደረጉት ምርምር የአንጎልን አሠራር በሚገርም ሁኔታ አሳይተዋል፤ በ1981 የኖቤል ሽልማት ያገኙትም በዚህ ዘርፍ ሥራቸው ነው። አንድ ግልገል በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ወራት አንድ ዓይኑ ከተሸፈነ፣ በኋላ ሽፋኑ ቢነሳለትም በዚያ ዓይን አያይም። ዓይኑ ጤነኛ ነው። አንጎል ውስጥ ለዚያ ዓይን የተመደበውን ቦታ ግን ሌላኛው ዓይን ወስዶታል። ያደገች ድመት ዓይኗ ለዚያው ያህል ጊዜ ቢሸፈን ምንም አትሆንም። የሕፃን አንጎል ከሚያስፈልገው በላይ ብዙ ግንኙነት ይፈጥርና የሚሠራበትን እያጠነከረ፣ የማይሠራበትን እየተወ ይሄዳል።

በቋንቋ በኩል ይህ የሚጀምረው ከምናስበው ቀደም ብሎ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን የእናቱን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ ይለያል። ጃኔት ወርከርና ባልደረባዋ በ1984 ባሳተሙት ጥናት በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ቤት ያሉ ከስድስት እስከ ስምንት ወር የሆናቸው ሕፃናት ወላጆቻቸው የማይለዩዋቸውን የሂንዲ ድምፆች ሲለዩ፣ ዓመት ሊሞላቸው ሲል ግን ይህ ችሎታ እየተዋቸው እንደሚሄድ አሳዩ። ጆሯቸው ደክሞ ሳይሆን ለቤታቸው ቋንቋ እየተሳለ ነው። ፓትሪሺያ ኩል ደግሞ በ2003 ለዘጠኝ ወር ሕፃናት የቻይና ማንዳሪን አሰማች። በአካል ቀርቦ ያጫወታቸው ሰው ሲሆን በ12 ጊዜ ግንኙነት ብቻ ድምፆቹን ያዙ፤ ያው ንግግር በቴሌቪዥን ሲቀርብላቸው ግን ምንም አልያዙም። ለሕፃን ቋንቋ የሚደርሰው በሰው በኩል ነው። ስክሪን ፊት የተቀመጠ ሕፃን ሞግዚት እንዳለው የሚያስብ ወላጅ ይህን ቢያውቅ እወዳለሁ።

በብዛትና በሥርዓት የተሰበሰበው መረጃ ከሩማኒያ ነው። የቻውሼስኩ አገዛዝ በ1989 ሲወድቅ በሕፃናት ማሳደጊያዎች ውስጥ እጅግ ብዙ ልጆች ተገኙ። ይመገባሉ፣ ይታጠባሉ፤ ተንከባካቢዎቹ ግን ጥቂቶችና ተቀያያሪዎች ስለነበሩ ሕፃን ዓይን እያዩ የሚያወሩበት ጊዜ አልነበራቸውም። በ2000 ገደማ በቡካሬስት በተጀመረ ጥናት 136 ሕፃናት ተመርጠው ግማሾቹ በዕጣ ለአሳዳጊ ቤተሰብ ተሰጡ። አሥራ አምስት ወር ሳይሞላቸው ቤተሰብ ያገኙት ከሁለት ዓመት ተኩል ጀምሮ ሲታዩ ንግግራቸው በወላጆቻቸው ቤት ካደጉት ልጆች ጋር ተቀራራቢ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጡት ግን በዚያ ዕድሜ ሲፈተኑ ማሳደጊያው ውስጥ ከቀሩት ብዙም አልተሻሉም። ልዩነቱን ያመጡት ወራት ናቸው። ይህ ማለት ግን አንድ ቀን የሚዘጋ በር አለ ማለት አይደለም። ድምፆችን የመለየት ችሎታ በመጀመሪያው ዓመት መጥበብ ይጀምራል፤ ሰዋስው በልጅነት ሙሉ ቀስ እያለ ይከብዳል፤ ቃላት ደግሞ ምንጊዜም ይገባሉ። ዘግይቶ የተደረሰለት ልጅም ይጠቀማል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። መስማት ከተሳናቸው ልጆች ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆኑት የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። እነዚህ ወላጆች ልጃቸውን ይወዳሉ፣ ያቅፉታል፣ ያበሉታል፣ ያወሩታልም። ንግግሩ ግን አይደርሰውም። የምልክት ቋንቋ ደግሞ ቤቱ ውስጥ ማንም አያውቅም። ድብደባ የለም፣ ረሃብ የለም፣ ጨለማ ክፍል የለም፤ የጎደለው ቋንቋ ብቻ ነው። በቪክቶርና በጂኒ ታሪክ ውስጥ ልንለየው ያልቻልነው ነገር እዚህ ተለይቶ ይታያል።

ኤሊሳ ኒውፖርት ለሠላሳ ዓመት ያህል በምልክት ቋንቋ ሲጠቀሙ የኖሩ ጎልማሶችን አነጻጸረች። ከልደታቸው ጀምሮ የለመዱት፣ ከአራት እስከ ስድስት ዓመታቸው ትምህርት ቤት ሲገቡ የጀመሩትና ከአሥራ ሁለት ዓመታቸው በኋላ የጀመሩት ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ልምምድ ልዩነቱን አላጠፋውም። ተራ የቃላት ቅደም ተከተል ላይ ሁሉም ደህና ናቸው፤ ረቀቅ ያለው ሰዋስው ላይ ግን የጀመሩበት ዕድሜ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ራቸል ሜይቤሪ ያደረገችው ንጽጽር ደግሞ በዚህ ዘርፍ ካነበብኩት ሁሉ ከፍ አድርጌ የማየው ነው። ሁለት ዓይነት ሰዎችን ወሰደች፤ ሁለቱም የምልክት ቋንቋን የጀመሩት ዘግይተው በተመሳሳይ ዕድሜ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሲወለዱም የማይሰሙና እስከዚያ ዕድሜ ድረስ በቂ ቋንቋ ያልነበራቸው ናቸው። ሁለተኞቹ በልጅነታቸው ሰምተው አፍ ከፈቱ በኋላ መስማታቸውን ያጡ ናቸው። ሁለተኞቹ እጅግ በልጠው ተገኙ። በሃያ ዓመቱ እንግሊዝኛ ወይም ዓረብኛ የተማረ ሰው «እኔስ ዘግይቼ ተምሬ የለም ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ይህ ነው። በጊዜው የተያዘ የመጀመሪያ ቋንቋ፣ የትኛውም ይሁን፣ በአፍም ይሁን በእጅ፣ በኋላ ለሚመጡት ሁሉ መሠረት ይሆናል። የመጀመሪያው ራሱ ሲዘገይ ግን ሁለተኛው የሚቆምበት የለውም።

ልጆች መሠረቱን ለመጣል ምን ያህል እንደሚታገሉ ማየትም ይገባል። ሱዛን ጎልዲን-ሜዶው ለብዙ ዓመታት እንዳጠናችው፣ የምልክት ቋንቋ ያላዩ መስማት የተሳናቸው ሕፃናት የራሳቸውን ምልክት ይፈጥራሉ፤ ያም የተወሰነ ቅደም ተከተል አለው። ለብቻቸው ግን ከዚያ ብዙ አይርቁም። ኒካራጓ ውስጥ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በማናጓ እንዲህ ያሉ ልጆች በብዛት በአንድ ትምህርት ቤት ሲሰበሰቡ ግን ሌላ ነገር ሆነ። አስተማሪዎቹ ከንፈር ማንበብና ስፓኒሽ ነበር የሚያስተምሩት። ልጆቹ በግቢውና በአውቶቡስ ውስጥ ከየቤታቸው ያመጡትን ምልክት አዋጡ፤ ተከትለው የመጡት ትንንሾች ያንን ወስደው ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ አደረጉት። አን ሴንጋስ እንዳሳየችው ከመሥራቾቹ ይልቅ በሕፃንነታቸው የገቡት ተከታዮች ቋንቋውን አበለጸጉት። ጥንት ነገሥታት የሰው የመጀመሪያ ቋንቋ ምን እንደሆነ ለማወቅ ሕፃናትን ዝም በሚሉ ሰዎች አሳደጉ የሚባሉ ትረካዎች አሉ፤ የጥንቱ የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ስለ ግብፁ ንጉሥ ፕሳምቲክ የጻፈው አንዱ ነው። ማናጓ የሰጠችው መልስ ከነሱ ሁሉ ይሻላል። ቋንቋ አንድ ልጅ ውስጥ ተቆልፎ አይቀመጥም፤ የሚወለደው በልጆች መካከል ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወላጅ ምን ያድርግ? በመጀመሪያ መስማትን በጊዜ ማስመርመር ነው። አዲስ ለተወለደ ሕፃን የሚደረገው ምርመራ ተኝቶ እያለ በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅና የማያም ነው። ብዙ አገሮች የሚከተሉት መመሪያ ሕፃኑ አንድ ወር ሳይሞላው እንዲመረመር፣ ችግር ካለ በሦስት ወሩ እንዲረጋገጥ፣ በስድስት ወሩ ደግሞ እርዳታው እንዲጀመር ይላል። ምርመራ በሌለበት ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የማይሰማ ሕፃንም በመጀመሪያዎቹ ወራት ድምፅ ያወጣልና ያታልላል። ከስድስት ወር በኋላ «ባባባ»፣ «ማማማ» እያለ መደጋገም ካልጀመረ ወይም ድምፁ እየቀነሰ ከሄደ «ቆይቶ ይናገራል» ብሎ መጠበቅ ዋጋ ያስከፍላል። በምልክት ቋንቋ ውስጥ የሚያድጉ ሕፃናት በዚያው ዕድሜ በእጃቸው «ባባባ» ይላሉ፣ ማለትም የእጅ ቅርጾችን ይደጋግማሉ፤ ይህም በጥናት ታይቷል።

ብዙ ወላጆች ምልክት ከለመደ አፉን አይፈታም ብለው ይፈራሉ፤ አንዳንድ ባለሙያዎችም እንዲህ ብለው መክረዋቸዋል። ይህን ፍርሃት የሚደግፍ ጠንካራ ማስረጃ የለም። የመስሚያ መሣሪያ ወይም በቀዶ ሕክምና ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ የሚገጠመው መስሚያ፣ ኮክሊያር ኢምፕላንት፣ ለብዙ ልጆች በጣም ይጠቅማል፤ በቶሎ ሲገጠም ደግሞ የበለጠ። ውጤቱ ግን ከልጅ ልጅ ይለያያል፤ መሣሪያው እስኪገኝና እስኪሠራ የሚያልፉት ወራትም አይመለሱም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ልጁ በዓይኑ የሚደርስ ቋንቋ ቢያገኝ የሚያጣው ነገር የለም፤ የሚያተርፈው መሠረት ነው።

ሌላው የወላጆች ሐሳብ «እኔ ራሴ አላውቀው፣ ተሳስቼ አስተምረዋለሁ» የሚል ነው። ለዚህ ሳይመን በሚል ስም የሚታወቀው ልጅ ጥናት ጥሩ መልስ አለው። የሳይመን ወላጆች መስማት የተሳናቸው ናቸው፤ የምልክት ቋንቋን ግን የለመዱት ዘግይተው ስለሆነ ሰዋስዋቸው ስሕተት የበዛበት ነበር። ሳይመን ይህን ቋንቋ የሚያይባቸው ሰዎች እነሱ ብቻ ነበሩ ለማለት ይቻላል። ሰባት ዓመት ሲሆነው ሲፈተን ግን ሰዋስዉ ከወላጆቹ የተሻለና የተስተካከለ ሆኖ ተገኘ። እነሱ አንዴ በትክክል አንዴ በስሕተት የሚያደርጉትን ልጁ ትክክለኛውን ለይቶ ሕግ አድርጎት ነበር። ምልክት መማር ዛሬ የጀመረች እናት በተሳሳተ እጇም ቢሆን ከልጇ ጋር ማውራት ትችላለች።